የሕልም ዕዳ

በወሎ፣ ከጃማ ወረዳ ከተማ ከደጎሎ ተነሥቶ በከላላና በወግዲ በኩል ወደ ቦረና፣ ወደ መካነ ሰላም የሚሻገር መንገደኛ፣ በዚያ ደጋ ላይ በእንግድነት ከሚያድርባቸው ቤቶች፣ ቤቱ የሙስሊም ቢሆን የክርስቲያንም ቢሆን፣ የጧቱ ቡና ሲፈላ ሌሊት የታየ ሕልም ሲነገር ሳይሰማ አይወጣም። ነጋሪው ገና አፉን ሳይከፍት አዳማጮቹ «ኸይር ነው» ወይም «መልካም ያድርገው» ይላሉ፤ ይህንንም የሚሉት ለወግ ያህል ሳይሆን፣ ሕልም እንደ ፈቺው ነውና ፍቺው ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ወደ በጎ እንዲያዘነብል ስለሚፈልጉ ነው። ክፉ ሕልም ያየ ሰው ግን፣ ሙስሊም ከሆነ ከሸይጣን በአላህ ተጠብቆ ለማንም ሳያወራው እንዲተወው ከልጅነቱ ተምሯል፤ ክርስቲያንም ከሆነ አማትቦ ይነሣና፣ ነገሩ ሲከብደው ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል። ስለዚህ በአውሮፓ የተነሣውን የጥልቀት ሥነ ልቡና ትምህርት በዚህ አገር ላለው ለተርታው አንባቢ ማድረስ ይቻላልን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሕዝቡ ያጣው ጥያቄውን ሳይሆን፣ ሌሎች ሕዝቦች ለዚያው ጥያቄ የሰጡትን መልስ አጣርቶ በሚገባው ቋንቋ የሚያቀርብለትን ሰው ነው ብዬ እመልሳለሁ።

ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ላየው፣ ሳያስብ ለተናገረው፣ ሳይፈቅድ ለተመኘው ነገር ባለ ዕዳው ማን ነው? ሕልሙ የራሱ ከሆነ እንዴት ሳያውቀው ያድራል? የሌላ ከሆነስ በእርሱ ልብ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? ይህን ጥያቄ ዋና በር አድርጎ የማይገባ ጸሐፊ፣ የቱንም ያህል የባዕድ ቃል ቢደረድር፣ ከደጎሎ ገበያ እስከ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን አንባቢ አያገኘውም የሚል እምነት አለኝ።

በአውሮፓ ትምህርቱ ስም ያገኘው ዘግይቶ ነው። ኦይገን ብሎይለር የተባለው የስዊስ ሐኪም «የጥልቀት ሥነ ልቡና» ብሎ የሰየመው ይህ ጥናት፣ ጠቅላላ ሐሳቡ ሲጨመቅ፣ ሰው ከሚያውቀው ልቡና ሌላ የማያውቀው ልቡና አለው፤ ያም፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ ኅቡእ ልቡና የምለው፣ ተኝቶ የሚኖር ሳይሆን ቀንና ሌሊት የሚመኝ፣ የሚፈራ፣ የሚቀናና የሚያፍር ነው፤ ሥራውም በሕልም፣ በአፍ ስሕተት፣ ምክንያቱ ባልታወቀ ድንጋጤ፣ አንዳንድ ጊዜም በአካል ሕመም ይገለጣል የሚል ነው። የዚህ ትምህርት አባት የሚባለው የቪየናው ሐኪም ዚግሙንድ ፍሮይድ (ከ1856 እስከ 1939፣ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ስለ ሕልም ትርጓሜ የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ፣ በርእሱ ገጽ 1900 ይባል እንጂ በ1899 መጨረሻ ታትሞ ሲወጣ፣ የታተመው 600 ቅጂ ተሽጦ እስኪያልቅ 8 ዓመት ፈጅቷል። በኋላ የዓለምን አስተሳሰብ ያናወጠ መጽሐፍ በመጀመሪያ በዓመት መቶ ገዥ እንኳ አለማግኘቱ፣ ዛሬ በአማርኛ ጽፈው አንባቢ አጣን ለሚሉ ሁሉ መጽናኛ ሊሆን ይችላል።

ፍሮይድ ግን አንባቢን በመውቀስ አልተቀመጠም። በ1909 ወደ አሜሪካ ተጠርቶ በዉስተር ከተማ በክላርክ ዩኒቨርሲቲ 5 ንግግር ባደረገ ጊዜ፣ የትምህርቱን እምብርት በአንድ ምሳሌ አስረዳ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው እየሳቀ፣ እያወራና እግሩን እየደበደበ ጉባኤውን ቢያውክ፣ ጠንካሮች ተነሥተው ወደ ውጭ ያወጡታል፤ ተመልሶ እንዳይገባም ወንበራቸውን በር ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ፤ ነገር ግን የተባረረው ሰው ከውጭ ሆኖ በሩን በጡጫ እየመታ ሲጮህ ከፊተኛው ይልቅ ይብስባቸዋል፤ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው አለቃ ወጥቶ ከተባረረው ጋር ይነጋገርና፣ ሥርዓት ጠብቆ ሊቀመጥ ቃል አስገብቶ መልሶ ያስገባዋል። አዳራሹ የሰው ልቡና፣ የተባረረው ሰው ያፈርንበት ምኞት፣ በሩ ላይ የተቀመጡት መከልከላችን፣ ከውጭ የሚሰማው ጡጫ ሕመሙና ቅዠቱ መሆናቸው ነው። ይህ ምሳሌ ስሙ ብቻ ተለውጦ በጃማ ስለ ጽዋ ማኅበር ቢነገር፣ ለሽምግልናው ሥራ የዩኒቨርሲቲ አለቃ እንደማያስፈልገው፣ የማኅበሩ ሙሴ እንደሚበቃ ሰሚው ሁሉ ያውቃል። እኔ በምሳሌው የምወድለት ግን ሌላውን ነገር ነው፤ የተባረረው ሰው ትክክል ነበር አይልም። ረባሽ ነበር፤ ነገር ግን መሰማት ነበረበት ይላል። ብዙ ሰው ፍሮይድን ሳያነብ፣ ምኞትህን ሁሉ ፈጽም ብሎ አስተማረ እያለ ሲያማው ይሰማልና፣ ይህን ልዩነት መጀመሪያ ማስጨበጥ ያሻል።

ከዚያም በኋላ በ1915 እና በ1917 መካከል በሁለት የብርድ ወራት በቪየና ዩኒቨርሲቲ፣ ሐኪምም ሐኪም ያልሆነም፣ ወንድም ሴትም በተቀመጡበት ጉባኤ ሲያስተምር፣ ከታላቁ ነገር ሳይሆን ከትንሹ፣ ማለትም ከአፍ ስሕተት፣ ስም ከመርሳት፣ ዕቃ ከመጣል ጀመረ፤ ቀጥሎ ወደ ሕልም ሄደ፤ ወደ ሕመም የደረሰው በመጨረሻ ነው። ለተርታው ሰው የሚጽፍ ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ሊማር ይገባዋል፤ ሰው የራሱን የምላስ መሰናከል ካላመነ የራሱን ሕልም አያምንምና።

ካርል ጉስታቭ ዩንግ (ከ1875 እስከ 1961) በዚህ ነገር የተለየ ታሪክ አለው። የፕሮቴስታንት ቄስ ልጅ፣ በመጀመሪያ የፍሮይድ ወዳጅ፣ በኋላ ተለይቶ የራሱን መንገድ የያዘ የስዊስ ሐኪም ሲሆን፣ መጻሕፍቱ በአፈ ታሪክ፣ በጥንታውያን ኬሚስቶች ምሥጢርና በሃይማኖት ምልክት የተሞሉ ስለሆኑ ሐኪሞች እንኳ ሲያነቧቸው ይደክማሉ። በ1959 ጆን ፍሪማን የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ካነጋገረው በኋላ፣ ያን የተመለከተ ቮልፍጋንግ ፎጌስ የተባለ አሳታሚ፣ ዋና ዋናው ሐሳቡ ላልተማረው ሰው በሚገባ መጽሐፍ እንዲጻፍ ፍሪማንን ልኮ ለመነው፤ ዩንግም አዳምጦ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ በአንድ ወገን ቴሌቪዥኑን ካዩ ተራ ሰዎች ደብዳቤ ይጎርፍለት ጀመር፤ በሌላም ወገን አንድ ሌሊት በሕልሙ፣ በጥናት ክፍሉ ተቀምጦ ከታላላቅ ሐኪሞች ጋር በመነጋገር ፈንታ፣ በአደባባይ ቆሞ ለብዙ ሕዝብ ሲናገር፣ ሕዝቡም በጽሞና እያዳመጠ የሚለውን ሲያስተውለው አየ። ከዚህ በኋላ ተስማማ፤ ከ4 ባልደረቦቹ ጋር ሥራውን ተከፋፍሎ የራሱን ድርሻ ጽፎ እንዳበቃ ብዙ ሳይቆይ ታመመና በ1961 ዐረፈ፤ «ሰውና ምልክቶቹ» የተሰኘው መጽሐፍም ከሞተ በኋላ በ1964 ታትሞ ወጣ። በሕልም መታዘዙ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአገራችን ስንቱ ገዳም የተገደመ፣ ስንቱ መናኝ ከቤቱ የወጣ በሕልም እንደሆነ በየገድሉ ተጽፏልና። የሚያስገርመው፣ ስለ ሕልም ሲያስተምር የኖረው ይህ ሊቅ የሕዝቡን ልመና በደብዳቤ ሲያነበው ያልተረታለትን፣ በሕልም ሲያየው መረታቱ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ትምህርት ልምጣ። ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በቦረና ምድር የጋስጫ ገዳም አለ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የነበረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ የመጽሐፈ ምሥጢር፣ የሰዓታትና የአርጋኖን ደራሲ፣ ስሙ የሚጠራው በዚህ ቦታ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ይህ ታላቅ ሊቅ በልጅነቱ ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብቶ ትምህርት አልዘልቀው ብሎ ለዓመታት ሲቸገር ኖረ፤ በኋላም በእመቤታችን ፊት እያለቀሰ ሲጸልይ ምሥጢር ተገለጠለት። የጥልቀት ሥነ ልቡና ተማሪ ይህን ሲሰማ፣ ዓመታቱን ሙሉ ኅቡእ ልቡናው ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን ሥራው ወደ ብርሃን ወጣ ማለቱ አይቀርም፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ደግሞ ጸጋ ነው ይላል። አንዱ ሌላውን ፈጥኖ እንዲውጠው አልፈልግም። ሥነ ልቡና የተገለጠው ነገር በምን ዕቃ እንደ ተገለጠ ሊመረምር ይችላል፤ ገላጩ ማን እንደሆነ ለመወሰን ግን ሥልጣኑም መሣሪያውም የለውም። ዩንግ ራሱ በብዙ ቦታ፣ እኔ የምመረምረው በነፍስ ላይ የታተመውን ማኅተም እንጂ አታሚውን አይደለም በሚል መንፈስ ጽፏልና፣ በዚህ ነገር ከብዙ ተከታዮቹ የተሻለ ጥንቃቄ ነበረው።

ስለ ኅቡእ ልቡና በአማርኛ ሊያስተምር የሚነሣ ሰው ፈጥኖ የሚይዘው ዘንግ ቅኔ ነው። ሕልም እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ የሚታየው ሰሙ፣ የተሰወረው ወርቁ ነው ይላል። ነገሩ ለመግቢያ ያህል መልካም ነው፤ ፍሮይድም በሕልም በሚታየው መልክና ከሥሩ ባለው ሐሳብ መካከል ይህን የመሰለ ክፍፍል አድርጓልና። ነገር ግን እዚህ ላይ ቆሞ የሚቀር መምህር ተማሪውን ያሳስተዋል። በቅኔ ወርቁን የሰወረው ባለ ቅኔው ነው፤ የት እንደ ሰወረውም ያውቃል፤ ጉባኤው ሲፈታው ደስ ይለዋል፤ ካልፈቱለትም ራሱ ይነግራቸዋል። በሕልም ግን ሰዋሪውም ፈላጊውም አንድ ሰው ሆኖ፣ ሰዋሪው የሰወረበትን ስፍራ አያውቅም፤ ይልቁንም ፈላጊው ሊያገኘው ሲቃረብ ተቆጥቶ ፍለጋውን ያቋርጥበታል። የአዲሱ ትምህርት አዲስነቱ ይህ ነው፤ የተሰወረ ነገር አለ ማለቱ አይደለም፤ ያን ማንም ያውቃል። የሰወርከው አንተ ነህ፣ መሰወርህንም ከራስህ ሰውረሃል ማለቱ ነው።

ከቅኔ ይልቅ የሚቀርበው፣ በጉባኤ ቤት ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ቀጥሎ በአራተኛ ደረጃ የሚቆጠረው የመጻሕፍተ መነኮሳት ትርጓሜ ነው። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚባሉት እነዚህ ሦስት መጻሕፍት፣ በሶርያ ቋንቋ ከጻፉ አባቶች በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የተሻገሩ ሲሆኑ፣ መላ ነገራቸው ሳይጠራ ስለሚመጣ ሐሳብ ነው፤ ከየት እንደሚመጣ፣ መጀመሪያ በምን መልክ እንደሚታይ፣ ሰው መቼ እንደሚቀበለውና ሲቀበለው ፈቃዱ እንዴት እንደሚከተለው፣ መልካም መስሎ የሚመጣው ትሩፋት ከሥሩ ውዳሴ ከንቱ ሲሆን እንዴት እንደሚታወቅ ይመረምራሉ። የበረሃ አባቶች ሥርዓት ደግሞ መነኩሴ የመጣበትን ሐሳብ ብቻውን ሲታገለው እንዳይኖር፣ ለአረጋዊው ገልጦ እንዲናገር ያዝዛል፤ የተሰወረ ሐሳብ ይበረታል፣ የተነገረ ይደክማል የሚል ብርቱ እምነት ነበራቸውና። ይህን ያነበበ ሰው ወደ ፍሮይድ ክፍል ገብቶ በሽተኛው በአልጋ ላይ ተጋድሞ በልቡ የመጣውን ሁሉ ሳይመርጥ ሲናገር ቢያይ፣ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ልዩነቱ በመጨረሻው ግብ ነው። አረጋዊው የሚሰማው ደቀ መዝሙሩ ከሐሳቡ ነጽቶ ለጸሎት እንዲበቃ ነው፤ የቪየናው ሐኪም የሚሰማው ሰውየው ራሱን ሳይታመም ሊሸከም እንዲችል ነው። ሁለተኛው ግብ ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ መሆኑን ፍሮይድም አልካደም፤ ዝቅ ያለ በመሆኑም ብዙ ሰው ሊደርስበት ይችላል።

ስለ ፍሮይድ በተነገረ ቁጥር የሚነሣው የኤዲፐስ ነገር፣ ልጅ በእናቱና በአባቱ ላይ ስላለው ስውር ምኞት የተነገረው ትምህርት፣ አብዛኛውን የእኛን አንባቢ የሚያስቆጣውና መጽሐፉን የሚያስዘጋው ነው። አባትን ገድሎ እናትን ስላገባው የግሪክ ንጉሥ የሚተርከው ተውኔት በእርግጥ ከእኛ ሩቅ ነው። ነገር ግን ካህናቶቻችን በግእዝ የሚያውቁት፣ ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና በ1974 እና በ1982 መካከል ካሳተሟቸው 5 ቅጾች በአንዱ በስፋት ያጠኑት፣ የስክንድስ ጠቢብ ታሪክ አለ። ስክንድስ በልጅነቱ ወላጆቹ ወደ ሩቅ አገር ለትምህርት ላኩት፤ በዚያም ሴት ሁሉ ታማኝ አይደለችም የሚል ቃል ከፍልስፍና መጻሕፍት አነበበ። አድጎ፣ መልኩ ተለውጦ፣ አባቱ ከሞተ በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ እናቱ እንደማታውቀው አይቶ የተማረውን ቃል በእርስዋ ሊፈትን አሰበ፤ በገንዘብና በአገልጋይ በኩል ተስማምቶ ወደ መኝታዋ ገባ፤ እንደ ልጅ በእቅፏ ተኝቶ አደረ እንጂ አልነካትም። ሲነጋም ምን ነው ብላ በጠየቀችው ጊዜ ልጅሽ ነኝ አላት፤ እርስዋም ኀፍረቱን መሸከም አልቻለችምና ሞተች። ስክንድስም እናቴን የገደላት ምላሴ ነው ብሎ፣ እስኪሞት ድረስ ላይናገር በራሱ ላይ ፈረደ፤ ንጉሥ አስጠርቶ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ዓለምና ስለ ሰው በጠየቀው ጊዜም የመለሰው በጽሕፈት ብቻ ነው።

መምህራን ይህን ታሪክ ምላስን ስለ መግታት ያስተምሩበታል፤ አልቃወምም። ነገር ግን ታሪኩን በቀስታ ላነበበ ሰው ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ምላስ ያደረገው እውነቱን መናገር ብቻ ነው። ጕዞውን ያሰበ፣ ገንዘቡን የከፈለ፣ በር ያስከፈተ፣ በዚያች አልጋ ላይ ያደረ ምላስ አይደለም። ከተማው ሴቶች የሞሉበት ሆኖ ሳለ የመጽሐፍን ቃል በማን ልፈትን ብሎ እናቱን የመረጠው የትኛው ልቡና ነው? ስክንድስ ያን አልጠየቀም፤ ምናልባትም ሊጠይቀው አልቻለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያስጾመው ያልበደለውን ሕዋስ ነው። ፍሮይድ አንድም ቃል ሳይጨምርበት የኤዲፐስን ነገር ከዚህ ታሪክ ሊያስተምር ይችል ነበር፤ እንዲያውም ከግሪኩ ይልቅ ይሻለዋል፤ የግሪኩ ንጉሥ በዕጣ ፈንታ ተጐትቶ የወደቀ ሲሆን፣ ስክንድስ ግን በገዛ ፈቃዱ፣ በጥበብ ስም፣ በንጹሕ ሕሊና ነውና ወደዚያ ቤት የሄደው። አንባቢ የኤዲፐስን ትምህርት ባይቀበል እንኳ (እኔም ፍሮይድ በሰጠው ስፋት ሁሉ አልቀበለውም) ሰው ዕዳውን ሳያውቅ በሌላ ሕዋሱ ሊከፍል እንደሚችል ከስክንድስ ሊማር ይችላል።

ወደ ዕዳው ጥያቄ ተመለስን ማለት ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው ዐሥረኛ መጽሐፍ፣ ነቅቶ ሳለ ድል የነሣው ምኞት ተኝቶ ሳለ በሕልም ሲያሸንፈው፣ ያን ጊዜ እኔ እኔ አይደለሁምን ብሎ በእግዚአብሔር ፊት ይጨነቃል። እስልምና ነገሩን በምሕረት ይዘጋዋል፤ የሥራ መዝጋቢው ብዕር ከተኛ ሰው ላይ እስኪነቃ ተነሥቷል ይላል፤ ሕልምንም ከአላህ የሆነ፣ ከሸይጣን የሆነና ሰው ለራሱ ያወራው ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። ይህ ሦስተኛው ክፍል፣ ሰው ለራሱ ያወራው የሚባለው፣ የቪየናው ሐኪም ዕድሜውን የፈጀበት ክፍል ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሕልመ ሌሊት ያየ ካህን በዚያ ዕለት ለመቀደስ አይገባም፤ አባቶችም መንሥኤው ከመብል ብዛት ነው ወይስ በቀን ተወዶ ከቆየ ሐሳብ ብለው ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሥርዓቱ ተኝቶ ስለ ሆነው ነገር ሳይሆን፣ ነቅቶ ሳለ ስለ ዘራው ዘር ይመረምረዋል ማለት ነው። ፍሮይድ በ1925 በጻፈው አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በቀጥታ አንሥቶ፣ የሕልሜ ክፉ ምኞት ከባዕድ መንፈስ የመጣ ካልሆነ የእኔ አካል ነው፤ የእኔ ከሆነም ተጠያቂው እኔ ነኝ ብሏል። እግዚአብሔር የለም የሚለው ሐኪም ከሃይማኖት ሰዎች ሁሉ የከበደ ፍርድ በራሱ ላይ መፍረዱን አስተውሉ! ምሕረት የሚያደርግለት ስላልነበረ ይሆን?

ከባዕድ መንፈስ ካልመጣ ማለቱ ደግሞ ወደ ዛር ቤት ይመራናል። በ1932 ከማርሴል ግሪዮል የጥናት ጓድ ጋር ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ፣ ወደ አፍሪካ ከመነሣቱ በፊት በፓሪስ በአድሪየን ቦሬል ዘንድ በፍሮይድ መንገድ ሲታከም የነበረ ሰው ነው። በጎንደር መልካም አየሁ ከተባለችው የዛር ባለሟል ቤት፣ አባ ጄሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት ወራት ተቀምጦ ያየውን ጻፈ፤ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍም የዛር መስፈር የሐሰት ጨዋታም ያልሆነ፣ ሙሉ ለሙሉ ከሰውየው ውጭ የሆነ ነገርም ያልሆነ፣ በሁለቱ መካከል የሚኖር ተውኔት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። በፍሮይድ ትምህርት የተዘጋጀ ዓይን ካልሆነ ይህን ማየት ባልቻለም ነበር። በዛር ቤት ባልዋን መለመን ያፈረችው ሴት ዛርዋ ቀሚስና ሽቶ ይጠይቅላታል፤ የተቀበረ ቁጣዋን ዛርዋ ይፎክርላታል፤ ሕመሟም ይቀልላታል። ወሎም ይህን በሚገባ ያውቀዋል። እፎይታው እውነተኛ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ዋጋው ግን ሴትዮዋ የራሷን ቁጣ መቼም የራሷ አለማድረጓ ነው። ፍሮይድ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ ሁሉም የአንተ ነው ይላል። የአባቶች ትምህርት በመካከል ነው፤ ፈታኙ ከውጭ ሊመጣ ይችላል፣ ፈቃዱ ግን የአንተ ነው፤ ዕዳው የሚቆጠረው ከፈቃድ ጀምሮ ነው። ለእኔ ይህ የመካከሉ ፍርድ ለሰው ተስማሚ ይመስለኛል፤ ይሁን እንጂ ፈቃድ ከመታወቁ በፊት ሊሰጥ እንደሚችል ያሳየን ፍሮይድ ስለሆነ፣ መምህራነ ንስሐ ከእርሱ የሚማሩት አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጨምር አላልፍም። ዩንግ በ1925 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ በኤልጎን ተራራ ግርጌ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር በተቀመጠ ጊዜ፣ አንዱን የሃይማኖት ሽማግሌ ስለ ሕልም ጠየቀው። ሽማግሌው እንባ እያነቀው፣ በቀድሞ ዘመን ሕልም አዋቂዎች ጦርነትና በሽታ፣ ዝናብና የከብት ማሰማሪያ በሕልም ያውቁ እንደ ነበር፣ ነጮች ከመጡ ወዲህ ግን ማንም እንደማያልም፣ ሁሉን የሚያውቀው የእንግሊዝ ሹም ስለሆነ ሕልም እንደማያስፈልግ ነገረው። እኛም አዲሱን ትምህርት ስናመጣ እንደዚያ ሹም እንዳናመጣው እሰጋለሁ። ነገ በደጎሎ አንዲት እናት ሕልሟን ስትናገር፣ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ልጇ «እማዬ፣ ይህማ የታፈነ ምኞት ነው» ብሎ አፏን ቢያስይዛት፣ የጠፋው ድንቁርና ሳይሆን ሕልሙን የመናገር ልማድ ይሆናል፤ ያለ እርሱም ትምህርቱ ራሱ የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ሌላው ተቃራኒ ስሕተት ደግሞ በመንገድ ዳር ከሚሸጡት የሕልም መፍቻ መጽሐፎች ተርታ መሰለፍ ነው። ጥርስ ሲወልቅ ዘመድ ይሞታል፣ እንዲህ ሲታይ እንዲያ ይሆናል የሚለውን ቍልፍ ፍሮይድም ዩንግም አልተቀበሉትም፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥርስ ምን ማለት እንደሆነ ሳይሆን፣ ጥርስ ሲባል ለዚህ ሰው ምን እንደሚታሰበው ነው። አንዱ የአያቱን ሞት፣ ሌላው በትምህርት ቤት የተመታበትን ቀን፣ ሌላዋ የመጀመሪያ ልጇን ጥርስ ያስባሉ፤ ፍቺውም ከዚያ ይጀምራል። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ሲባል ፈቺው ባለ ሕልሙ ራሱ ነው የሚሉ ይመስላሉ። ደግሞም ድምፅ ለሚሰማው፣ ለሳምንታት እንቅልፍ ላጣ፣ ራሱን ሊያጠፋ ለሚያስብ ሰው ይህ ሁሉ ንባብ ሕክምና አይሆነውም፤ እንዲህ ያለው ሰው በሰንሰለት መታሰር ሳይሆን፣ ጠበል ቢወሰድም ዱዓ ቢደረግለትም ከዚያ ጋር አብሮ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

ስለዚህ ይህን ትምህርት በአማርኛ ሊጽፍ ለሚነሣ ሰው የምለምነው ይህን ነው፤ ከፍሮይድና ከዩንግ መጻሕፍት አጠገብ ማር ይስሐቅንና ስክንድስን ዘርግቶ ይቀመጥ፤ የጻፈውንም ወደ አታሚ ከመውሰዱ በፊት ለአንድ የመጻሕፍተ መነኮሳት መምህር፣ ወዳጃ (የዱዓ ጉባኤ) ለሚመሩ አንድ ሼኽና ለአንድ የአእምሮ ሐኪም ያንብብላቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ያልገባው ምዕራፍ ቢኖር ያን ምዕራፍ እንደገና ይጻፈው።